«ደህና ነኝ ልጄ»፦ ማንም በማያየው ቤት ውስጥ ሰውን ስለ መንከባከብ

ይህ ጽሑፍ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለወገኖቻችን ካደረግኩት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ከታዳሚው ገሚሱ ሆም ኬር (አረጋውያንንና ሕሙማንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ) የሚሠራ፣ ገሚሱ ደግሞ እናቱን ወይም አባቱን ቤቱ አስቀምጦ የሚጦር ነበር፤ ሁለቱንም የሆነም አልጠፋ። ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኩትን እዚህ ጨምሬዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ፣ ሳትተኙ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። የሚያንቀላፋ ካለ አልቀየምም። እኔም እዚህ አገር ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ይኸው የእናንተው ሥራ ነበር፤ በአውቶቡስ እየተመላለስኩ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ዛሬ ነርስ ሆኜ ሌሎች የሚሠሩበትን ቤት እየዞርኩ አያለሁ።

ከአንድ ቤት ልጀምር። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንዱን ነገር ለዋውጬዋለሁ። እማማ እንበላቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ስኳር አለባቸው። ልጃቸው ጠዋት ሥራ ስትሄድ የምትረዳቸው ሴት ትመጣለች፣ እሷም የእኛው አገር ልጅ ናት። እኔ ስደርስ ገላቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ ንጹሕ፣ እሳቸውም ንጹሕ። «እንዴት ይዛዎታለች?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይስጣት፣ እንደ ልጄ ናት። ደህና ነኝ ልጄ» አሉኝ። ካልሲያቸውን ዝቅ ሳደርግ ቁርጭምጭሚታቸው አካባቢ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል፣ አንዱ ቦታ ተልጧል። ውሃው አቃጥሏቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወደ ወጥ ቤቱ አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሞቅ ብሎ ነበር መሰለኝ። እንዲያ ስትለፋ እያየሁ ምን ልበላት?» አሉኝ።

ምን ልበላት። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች ቃል ላወራ ነው።

ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ውሃውን በእጇ ሞክራዋለች፣ ግን ጓንት አድርጋ ነበር፤ ጓንት ሙቀትን ይደብቃል። የእማማ እግር ደግሞ ስኳሩ ነርቩን ስለጎዳው የሚሰማው ግማሹን ነው። የዚያ ሕንፃ ውሃ ማሞቂያ ከፍ ብሎ የተስተካከለ ነበር። ውሃ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ከባድ ቃጠሎ ለማድረስ አምስት ስድስት ሰከንድ ይበቃዋል። 49 ዲግሪ፣ በዚህ አገር መለኪያ 120 ፋራናይት ላይ ሲሆን ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል። ማሞቂያው 120 ላይ ይደረግ የሚባለው ለዚህ ነው። አከራያችሁን ደውላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ውሃውንም ጓንት ከማጥለቃችሁ በፊት በእጅ አንጓችሁ ወይም በክርናችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ እሳቸው በእጃቸው ይንኩት።

ሰው ስለ ሆም ኬር ሲያወራ «ማጠብና ማልበስ ነው፣ ምን አለው» ይላል። በ1963 ሲድኒ ካትዝ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሰውን ራስን መቻል የሚለካበት ስድስት ነገር አወጣ፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዛወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መብላት። ነርስ ቤት መጥታ «እናትሽ ብቻቸውን መልበስ ይችላሉ?» እያለች ስትጠይቃችሁ መነሻዋ ያ ነው። ስድስቱም ቀላል ይመስላሉ። ስድስቱም ግን ሰው ራቁቱን የሆነበት፣ ወይም አንድ እግሩ አየር ላይ ያለበት፣ ወይም አፉ የተከፈተበት ሰዓት ነው።

ሆስፒታል ቢሆን ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ በሽተኛ አለ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው ያልፋል፣ ሺፍት ሲለወጥ አዲስ ዓይን ይመጣል። ቤት ውስጥ በሩ ከተዘጋ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዷ ሥራዋን እንዳታጣ ትፈራለች፤ አንዷ የምትረዳትን ልጅ እንዳታስቀይም ትፈራለች። ቁጥጥሩስ? ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት የጤና መድን፣ ከፋይ የሆነባቸው ኤጀንሲዎች የሚቀጥሩት የቤት ለቤት ጤና ረዳት (ሆም ኼልዝ ኤድ) በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ ከዚያም በየዓመቱ 12 ሰዓት። የግል እንክብካቤ፣ ማለትም ማጠብ፣ ማልበስና የመሳሰለውን ብቻ ለሚሰጠው ሠራተኛ ግን የፌዴራል መመሪያ የሰዓት ልክ አላስቀመጠም፤ ለየስቴቱ ተትቷል። ቨርጂኒያ 40 ሰዓት ታስተምራለች። ሰውን ፀጉር ለመሥራት ፈቃድ ማውጣት ከዚህ ብዙ እጥፍ ሰዓት ይፈልጋል፤ ፀጉር ሠሪዎች አትቀየሙኝ። እንዲህ ያለ እንክብካቤ እንጂ ቤቱ የሕክምና አገልግሎት የማያገኝ ሰው ጋ ደግሞ ነርስ ለቁጥጥር የምትመጣው በ60 ቀን አንዴ ሊሆን ይችላል። እኔ አንድ ሰዓት ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። የቀረው ሃምሳ ዘጠኝ ቀን የእናንተ ነው።

«ስልኩ አለ አይደል፣ ስንገባ ስንወጣ ክሎክ የምናደርገው» ትሉኛላችሁ። ኮንግረስ በ2016 ኪዩርስ አክት የሚባለውን ሕግ ሲያወጣ ሜዲኬድ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው የመንግሥት የጤና መድን፣ ለሚከፍለው የግል እንክብካቤ ይህን አሠራር ግዴታ አደረገ። መተግበሪያው ስድስት ነገር ይይዛል፤ ምን አገልግሎት፣ ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ማን ሰጠ፣ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ስንት ሰዓት አለቀ። የመጣው ለሌባ ነው፤ ሳይሄድ ሄድኩ ለሚል። ጥሩ ነው። ግን የእማማ ውሃ ስንት ዲግሪ እንደነበር አያውቅም። በእማማ እግር ላይ ውሃ በተቋጠረበት ቀን መተግበሪያው ሁሉ ነገር በሰዓቱ እንደተከናወነ ነው የመዘገበው።

እንግዲህ የራሴን ልናገር፤ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ብቻ ስናገር ብውል አያምርም።

ጀማሪ ሳለሁ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ጋ እሠራ ነበር። በወከር፣ በእጅ ተይዞ በሚገፋ መደገፊያ፣ ነው የምትሄደው፤ ለልቧ ደም ማቅጠኛ፣ ኩማዲን ትወስዳለች። አንድ ጠዋት እኔ አልጋውን ሳነጥፍ ወከሩን ትታ ወደ መታጠቢያ ቤት አመራች። ድምፁን ነው የሰማሁት። ስደርስ ወለሉ ላይ ናት፣ ጭንቅላቷ የቁም ሣጥኑን ጠርዝ ነክቷል። ደም የለም፣ ታወራለች፣ ትስቃለች እንዲያውም። «ለልጄ እንዳትነግሪ፤ ነርሲንግ ሆም ታስገባኛለች» ብላ እጄን ያዘችኝ፤ የአረጋውያን መጦሪያ ማለቷ ነው። አሳዘነችኝ። ብቻዬን ብብቷ ሥር ገብቼ አነሳኋት። ወገቤ ያን ቀን የሰጠኝ ሕመም እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ማታ ወረቀቱ ላይ «ደህና ዋለች» ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ቁርሷን አቅርቤላት ማንኪያውን ምን እንደሚደረግበት ጠፋት። እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ፣ 911 ደወልኩ። በራስ ቅሏና በአንጎሏ መካከል ደም ቀስ እያለ ሲጠራቀም ነው የከረመው። ዳነች። ግን ከዚያ በኋላ ብቻዋን መቆም ስላልቻለች ነርሲንግ ሆም ገባች፤ እኔ የደበቅኩላት እዚያ እንዳትገባ ነበር።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ወድቆ ጭንቅላቱን ከመታ፣ ቢስቅም ቢጫወትም፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ። ለኤጀንሲውም ለቤተሰቡም ይነገር። የወደቀን ሰው ወዲያው አትጎትቱ፤ የሚያመው የት እንደሆነ ጠይቁ፣ ካመመው ትራስ አድርጋችሁ፣ ብርድ ልብስ አልብሳችሁ እርዳታ ጥሩ። በዚህ አገር ዕድሜው 65 ካለፈ ከአራት ሰው አንዱ በየዓመቱ ይወድቃል፤ አንዴ የወደቀ እንደገና የመውደቁ ዕድል እጥፍ ነው። ከወደቁት ውስጥ ለሐኪማቸው የሚናገሩት ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው፤ ወለል የሚጠርግ ቀሚስ፣ ጫፉ የሚጎተት ጋቢ፣ ከኋላው ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ፣ በየበሩ የተነጠፈች ትንሽ ምንጣፍ። የሚያሸና መድኃኒት ማታ የሚወስዱም አሉ፤ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ወደ ጠዋት ቢዞር ሌሊት በጨለማ ከመነሣት ያድናል።

ስለ ቆዳ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሥልጠናው ላይ የሚሰጡን ሥዕል የፈረንጅ ገላ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሊቆስል ሲል «ቆዳው ይቀላል» ተብለን ተምረናል። የእኛ ቆዳ አይቀላም። ጠቆር፣ ወይን ጠጅ ሊል ይችላል፤ ከዙሪያው ይሞቃል ወይም ይቀዘቅዛል፣ ስትነኩት ጠጠር ወይም ቦካ ያለ ሊጥ ይመስላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት ነው የሚታየው። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ የወገብ መጨረሻ አጥንት። መብራት አብርታችሁ እዩ። እናቶቻችን «ቅባት አድርገሽ እሺው» ይላሉ። ያ ቦታ አይታሽም፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ተጎድቶ ይሆናል። አልጋ ላይ ያለ ሰው ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ይለወጥ፤ ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ ትራሱ ከባቱ ሥር ይሁን። ይህን ሁሉ ለማየት ግን ልብስ ማውለቅ አለ። አባባ በሴት፣ እማማ በወንድ አይታዩም ካሉ ትክክል ናቸው፤ ኤጀንሲውን ሰው ቀይሩልን ማለት መብታቸው ነው። ሌላው ቢቀር የምታጥቡትን እያገለጣችሁ የቀረውን ሸፍኑት። አንድ ነጠላ ለዚህ በቂ ነው።

አሁን የምትጠሉኝን ነገር ልናገር፤ ጉርሻ።

ስትሮክ የመታው ሰው የአፉ አንድ ጎን ላይሰማው ይችላል። ትልቅ ጉርሻ ስታጎርሱት ገሚሱ በደከመው ጉንጩ ውስጥ ተወሽቆ ይቀራል። ከዚያ ጋደም ሲል ወደ ሳንባው ይወርዳል። ሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ይገባል፣ እኛም «ብርድ መታው» እንላለን። ሲበሉ የሚያስሉ፣ ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ውሃ ውሃ የሚል ሰው ካለ ለሐኪም ንገሩ፤ መዋጥን የሚመረምሩ ባለሙያዎች አሉ። ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ ትንሽ ትንሽ ስጡ፤ የመጀመሪያው መዋጡን ሳታዩ ሁለተኛውን አትስጡ፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት አይተኙ። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ «በሞቴ» እያለ ሲያጎርስ ያንን የማስቆም ሥራ የእናንተ ነው። ከባድ ነው። ባለጌ ትባላላችሁ። እኔ ተብያለሁ።

ጎመንም አለ። ኩማዲን (ዋርፋሪን) ለሚወስድ ሰው ጎመን ክልክል አይደለም፤ ችግሩ መዋዠቁ ነው። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ አልፎ አልፎ የሚበሉ እናት ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ጎመን ሲበሉ ደማቸው ለመርጋት ይዳዳዋል፤ ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ በድንገት ይቀራል፣ የተስተካከለው መድኃኒት ደግሞ ይበዛባቸዋል። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ በፊት ለክሊኒኩ ንገሩና ምርመራውን ያቀራርቡት። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ ኪኒን የሚወስዱት ደግሞ መድኃኒቱን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልቀመሱ ስኳራቸው ወርዶ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዘባርቃሉ። ጾም ለሕመምተኛ እንደሚላላ እናንተ ብትነግሯቸው አይሰሙም፤ የነፍስ አባታቸው ይንገሯቸው። ሙስሊም እናቶቻችንም ጋ በረመዳን ያው ነው፤ እዚያም ሼኩ ይናገሩ።

ከኦክስጅን ጋር የሚኖር ሰው ቤት ቡና ማፍላትስ? ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያፋፍመዋል። ከሰልና እጣን ያለበት ረከቦት አጠገብ አፍንጫው ላይ ቱቦ ያደረገ ሰው ተቀምጦ አይቻለሁ፤ ከንፈሩ ላይ ደግሞ ቫዝሊን። ጉልበቴ ነው የከዳኝ። ቡናው በኤሌክትሪክ ይፈላ፣ እጣኑና ጧፉ ይቅር፣ ለከንፈር በውሃ የተሠራ ቅባት ይገዛ። ከሰል በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ጭሱ ለጤነኛውም ገዳይ ነው።

ወደ ሠራተኞቹ ልመለስ፤ የቤተሰቡ ወገን ደስ እያለው ሰማኝ። የሆም ኬር ሠራተኛ በዚህ አገር ከ1974 ጀምሮ ለአርባ ዓመት ያህል ከፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝና ኦቨርታይም ሕግ ውጭ ነበር፤ «አጫዋች» ተብሎ። ኤጀንሲ የቀጠራቸው በሕጉ የተካተቱት በ2013 በወጣ ደንብ ነው፤ ኤጀንሲዎቹ ፍርድ ቤት ወስደውት በ2015 ነው የጸናው። በ2024 የአገሪቱ መካከለኛ ክፍያ በሰዓት 17 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ ገንዘብ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ አገር ቤት ገንዘብ ልኮ መኖር የሚቻለው ሁለት ኬዝ፣ ሁለት ሰው ቤት ይዞ ነው። ከአንዱ ቤት ሌሊቱን ወጥቶ ሌላው ቤት ጠዋት የሚገባ ሰው እጁ ይዝላል፤ የእናታችሁን ብብት የያዘው እጅ ያ ነው። ሰውን ለማንሣት ለአንድ ሰው የሚመከረው ጣሪያ 35 ፓውንድ፣ 16 ኪሎ ገደማ ነው። ከናንተ እናት ማን ናት 16 ኪሎ? ማንሻ መሣሪያ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር መያዣ ቀበቶ፣ የመታጠቢያ ወንበር ሐኪም ሲያዝ የሚገኝበት መንገድ አለ። ቤተሰብ ሆይ፣ ልጅቷን ልብስ አጣቢና የልጅ ልጅ ጠባቂም አታድርጓት። እሷ ወጥ ቤት ስትገባ ነው እናታችሁ ወከሩን ትታ የምትነሣው።

እዚህ ተቀምጣችሁ የገዛ እናታችሁን እየጦራችሁ የሚከፈላችሁም አላችሁ። ዲሲም ቨርጂኒያም ይፈቅዳሉ፤ መልካም ነው፤ ባዳ እንዳይገባ የሚፈልግ ሽማግሌ ብዙ ነው። አደጋውን ግን ታውቃላችሁ፤ ወንድማችሁ ተከፋይ ሲሆን እህቶቹ መጠየቅ ያቆማሉ። «እሱ ይዟታል።» ባዳ ቢሆን ካልሲዋን ዝቅ አድርገን እናያለን፤ ወንድም ከሆነ ተጠራጠሩኝ ይላል ብለን ዝም። የባንክ ካርዱም እሱ ጋ ነው። አልጠራጠረውም፣ ግን ወረቀቱን አብራችሁ እዩት።

እንዴት እንጠይቅ ነው ጥያቄው። «ደህና ነሽ?» አትበሉ፤ መልሱን ታውቁታላችሁ። «ዛሬ ውሃው እንዴት ነበር? ቁርስ ምን በላሽ? ማታ ስንት ጊዜ ተነሣሽ? ማን አነሣሽ?» በሉ። ደህና ነኝ ተብሎ የማይመለስ ጥያቄ ነው የሚያስፈልገው። ሠራተኛዋ በሌለችበት ሰዓት ይሁን፤ ስልክም ከሆነ ስፒከሩ ሳይከፈት። ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ደብተር ይንጠልጠል፤ የሆነው ሁሉ፣ ትንሿም መንሸራተት ትጻፍበት፣ በአማርኛም ይሁን። ለኤጀንሲው የምትሰጡት ወረቀት ሌላ ነው፤ ደብተሩ የቤቱ ነው። ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዱ) ላይ ያልተጻፈ ሥራ፣ በተለይ መድኃኒት መስጠት፣ ሲጨመርባችሁ ነርሷን ደውሉ፤ በብዙ ቦታ የተፈቀደላችሁ ማስታወስ ነው እንጂ መስፈር አይደለም። ከቸልተኝነት አልፎ መመታት ወይም ገንዘብ መነጠቅ ካለ አዳልት ፕሮቴክቲቭ ሰርቪስስ የሚባል፣ አረጋውያንን ከጥቃት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በየአካባቢው አለ፤ ቁጥሩን ኤልደርኬር ሎኬተር ከሚባለው የአረጋውያን መረጃ መስመር፣ 1-800-677-1116 ታገኙታላችሁ። አስተርጓሚ ጠይቁ።

ንግግሩ ሲያልቅ ብዙ ጥያቄ መጣ፤ አንዱን ብቻ ልጻፍ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት ተነሥታ፣ «ካሜራ ብንተክልስ?» አለች። በራሳችሁ ሳሎን ትችላላችሁ አልኳት፤ መታጠቢያ ቤት በፍጹም። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ድምፅ መቅዳት የሁሉንም ፈቃድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ድምፁ ይጥፋ፣ ሠራተኛዋም ካሜራ እንዳለ ይነገራት።

«እሱስ ተክያለሁ» አለች። «ግን እናቴ ጠዋት ጠዋት ነጠላ ትጥልበታለች።»

አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «ለምን እንደምትሸፍነው ጠይቀሻታል?» አልኳት።

ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳብ አደረገችና፣ «አልጠየቅኳትም» አለች።